ብርድ የመታው የስኳር መለኪያ

ለክቡር አቶ ነአምን
የኮረብታው ግርጌ ጤና ጣቢያ የስኳርና የደም ግፊት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት (ስብሰባ ላይም ቢሆን)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ያንን መኪና ዳገታችንን ላወጣው ሾፌርዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር የሚያቆጠቁጥ፣ ወንበርዎም ነፋስ የማይነቀንቀው ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለውም ክቡርነትዎ ባስተማሩን ዘዴ ነው፤ ዘዴውን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ጎበና ዋቅጅራ እባላለሁ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሐል ካሉት ቤቶች በአንዱ የምኖር፣ ድሮ ገብስና ባቄላ አምራች፣ ዛሬ ደግሞ ከከተማ ለእግር ጉዞ የሚመጡ ሰዎችን መኪና ጠባቂ ነኝ። ለስኳር ግንዛቤው በዓል የመጡ ዕለት ለመኪናዎ ጥላ ያለበት ቦታ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዳርቱ ባል ነኝ። ዳርቱን ይረሷታል ብዬ አላምንም፤ መለኪያዎን ያሳመመችብዎ ሴት ናት።

ጉዳዬ አጭር ነው። የዳርቱ እግር ሳይብስ በጤና ጣቢያዎ የክትትል ካርድ እንዲከፈትላት፣ መንገዳችን ላይ ያሰቀሉት ባነርም እንዲወርድ ነው። ይህንኑ በቃል ልነግርዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ስብሰባው ውስጥ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አይጠፋም ብዬ በጋዜጣ በግልጽ ጻፍኩት። አጭር ጉዳይም ቢሆን ለትልቅ ሰው በአጭሩ መንገር ነውር ነውና፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ሳላለያይ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥር ሜዳችን ላይ ድንኳን ተክለው፣ የስኳር በሽታ የከተማና የሀብታም በሽታ መሆኑን፣ ገብስ የሚበላና ዳገት የሚወጣ የገጠር ሰው ግን ከዚህ ጣጣ ነጻ መሆኑን ረዘም አድርገው ሲያስረዱን፣ ድህነታችን ለአንድ ነገር እንኳ በመጥቀሙ ደስ ብሎን አጨበጨብን። በመሐሉ ውሃ ደጋግመው መጠጣትዎ፣ ደጋግመውም ወደ ባሕር ዛፉ ጀርባ ዞር ማለትዎ ለጫካችን ትልቅ ክብር ነበር። ንግግሩ በተቋረጠ ቁጥር ያለቀ መስሎን በማጨብጨባችን ለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ እንጠይቃለን።

ያመሰገኑልን ገብስ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ የዘራሁበት መሬት ላይ ዛሬ ቤት ቆሞበታል፤ ጅሬኛ የሚባለው ጎረቤቴም ድሮ ያርስ በነበረው መሬት ላይ የተሠራ ግቢ ዘበኛ ነው። ገብሱን በቅርቡ ከተማ፣ መሪ ሰፈር ሄጄ አገኘሁት። ሱፐርማርኬት ውስጥ በሚያምር ከረጢት ታሽጎ፣ ሐኪም ያዘዘላቸው ሰዎች እየተሻሙ ሲገዙት አየሁ፤ የድሮ ወዳጅን በሱፍ ልብስ የማየት ያህል ነበር፣ ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝ። እኛ በፈንታው ፉርኖ ዳቦ በሻይ ነው የምንበላው፤ ሻዩም ቢሆን ስኳሩ ማንኪያ ካላቆመ ሻይ አይባልም። ሀብታሙ የእኛን ገብስ፣ እኛ የሀብታሙን ዳቦ ከነበሽታው ተለዋወጥን ማለት ነው። ዳገቱንም አሁን የሚወጡት እነሱ ናቸው፤ ጠባብ ሱሪ ለብሰው፣ እያለከለኩ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መኪናቸውን እጠብቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መለኪያው ጤንነት። መርፌው እንደማያም ለማሳየት ክቡርነትዎ አስቀድመው የራስዎን ጣት በጀግንነት ወጉ። ደሙን አስነክተው መለኪያውን ከፊት ለተቀመጠችው ለዳርቱ አስያዟትና፣ ጣትዎን ወደ ላይ ቀስረው፣ ወደ ካሜራው ዞረው፣ ፈገግ ብለው ፎቶ ተነሡ። ፎቶ አንሺው በአንድ የሚበቃው ሰው አልነበረም። ከዚያም መለኪያውን ተቀብለው፣ ደምዎ የነካውን የመለኪያውን ቁራጭ ወረቀት ጥለው አዲስ ሰክተው፣ አሁን ጤነኛ የገጠር ደም ምን እንደሚመስል ታያላችሁ ብለው የዳርቱን ጣት ያዙ። ለምን እሷን እንደመረጡ ይገባናል፤ ፊቷ ወዛም ነው፣ ስትስቅም ከማዶ ይሰማል።

መለኪያው ሁለት መቶ ሰማንያ አለ። ክቡርነትዎ መለኪያውን አዩ፤ ዳርቱን አዩ፤ እንደገና መለኪያውን አዩ፤ ከዚያም የእንጦጦ ብርድ መትቶት ነው አሉ። ለእንጦጦ ሰው ደግሞ ብርድ ለመታው ምን እንደሚደረግ አይነገረውም። ጅሬኛ ጋቢውን አውልቆ መለኪያውን ጠቀለለው፤ አንዱ ከሰል አቀረበ፤ ለሊሴ የምትባለው ጎረቤታችን ሮጣ ሄዳ ዳማከሴ አሽታ መጣች፣ አፍንጫው የት እንደሆነ ግን አጣችው። ከሞቀው በኋላ እንደገና ሲለኩ ሁለት መቶ ዘጠና ሆነ፤ ነፍስ ዘራ ማለት ነው። ክቡርነትዎ አሁን ደግሞ ጣቷን ማር ነክቶት ይሆናል ብለው በሳሙና አሳጠቧት፤ ያው ነው። በመጨረሻም ይህች ሴት ከተማ ኖራ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁ። እሷም አልፎ አልፎ ሽሮ ሜዳ ገበያ እንደምትወርድ በቅንነት ስትናገር፣ ‹‹አያችሁ!›› ብለው ዕቃዎን ሰበሰቡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለካ በሕክምናም ይሠራል። ከላይ ዘዴ ያልኩትም ይኸው ነው፤ መለኪያው ክፉ ነገር ሲናገር መለኪያውን ማስታመም።

ብዙም ሳይቆይ ከኪዳነ ምሕረት ወደ እኛ በሚያወርደው መንገድ ኩርባ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ‹‹ከስኳር በሽታ ነጻ የሆነ ኮረብታ›› ይላል። ከጽሑፉ ጎን ክቡርነትዎ ጣትዎን ቀስረው ይስቃሉ። ፎቶው አምሯል፤ ይህን አለመናገር ንፉግነት ነው። ባነሩን ያነበቡ የከተማ ሰዎችም እኔ ዘንድ እየመጡ ምስጢሩ ምንድን ነው፣ ምን ብትበሉ ነው ይሉኝ ጀመር። ፉርኖ ዳቦ በሻይ ብዬ እውነቱን ስነግራቸው አንዱ ስልኩ ላይ ጻፈው። አንዲት ጠባብ ሱሪ የለበሰች ሴትዮ ደግሞ ስኳር የማያውቃት የገጠር እናት ብላ ከዳርቱ ጋር ተቃቅፋ ፎቶ ተነሣች። ዳርቱም ሰው ማሳፈር ስለማትወድ ተነሣችላት፤ መሸኛ ብላ ደግሞ ሻይ አጠጣቻት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሹመታችን። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ብለው በድምፅ ማጉያ ስለነገሩን፣ ዳርቱም በአደባባይ ሦስት ጊዜ ስለተለካች፣ ባነሩ ምንም ይበል ምን መንደሩ የራሱን ፍርድ ሰጠ፤ ዳርቱ ሀብታም ሆናለች። ሠርግ ቤት ከፊት ያስቀምጧት ጀመር። ከሱሉልታ በኩል ዘመድ ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ለልጃቸው የክርስትና እናት እንድትሆን ለመኑ፤ ልጁን ሳየው ጢም አብቅሏል። ትናንት ያለፋት ሁሉ ዛሬ ቆሞ እጅ ይነሣታል። ዳርቱም መጀመሪያ ግራ ገባት፤ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ በኩራት ጣል ማድረግ ለመደች።

ይህ ክብር ጅሬኛን እንቅልፍ ነሣው። እሱ ምን ጎድሎት ነው? አንድ ጠዋት የክት ኮቱን ለብሶ መሪ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳለው የኢልሃም ፋርማሲ ወረደና ጣቱን ሰጠ። ሲመለስ ባርኔጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ነበር፤ ገና ከሩቅ ሳለ፣ እሱንም ፈጣሪ እንዳልረሳው አበሰረን። ከዚያ በኋላ ማን ይቅር? ኮረብታው ሁሉ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ፣ አሮጊቷ በልጇ ተደግፋ፣ ወደ ኢልሃም ጎረፈ። ክቡርነትዎ በድንኳንና በድምፅ ማጉያ ያላስደረጉትን ምርመራ ቅናት አስደረገው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ለመኩራራት ከወረድነው እኩሌታ ያህላችን ወይ ስኳር ቤታችን ገብቷል፣ ወይ ደፉ ላይ ቆሞ እግሩን እየጠረገ ነው። እነዚህ ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን ሞፈርና ማጭድ የጨበጡ፣ ክቡርነትዎ አይነካችሁም ያሏቸው ሰዎች ናቸው። የእኔ የደፉ ነው፤ ኢልሃም ቅድመ ስኳር ይባላል አለችኝ። ጅሬኛም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ አይዞህ ጎበና፣ ገና ነህ፣ አንተም ትደርሳለህ ብሎ አጽናናኝ። እድር ቤት ውስጥ አግዳሚው ላይ መቀመጥ እንኳ በቁጥር ሆነ፤ የበለጠው ወደ ግድግዳው፣ ያነሰው ወደ በሩ። ኢልሃም ጅሬኛን ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒት እንዲጀምር ስትመክረው፣ መድኃኒቱ ቁጥሬን አውርዶ ከበሩ ጋ ቢያስቀምጠኝስ ብሎ እምቢ አለ። ይህንን ሁሉ የሠራልን ያ ንግግር ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

አራተኛ፣ ስለ ጥየቃ። በአገራችን የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ተይዞ የሚመጣውም ስኳር ነው። ዳርቱን ስኳር ያዛት ሲባል ለሊሴ ስኳር ይዛ መጣች፤ ቀጥሎ የጽዋ ማኅበሯ መጣ፣ ስኳር ይዞ፤ ጢማሙ የክርስትና ልጅም ሳይቀር ስኳር ከነብርቱካኑ ተሸክሞ መጣ። ስኳር ለያዛት ሴት ስኳር ማምጣት አይከብዳችሁም ወይ ብል ሁሉም ተቆጡኝ፤ ታዲያ ምን ይያዝ፣ ድንጋይ? እንግዳ ደግሞ ሻይ ሳይጠጣ አይሸኝም፤ ባለቤቲቱ አብራ ካልጠጣች ደግሞ ምን አድርጋበት ይሆን ያሰኛል። ስለዚህ ይማርሽ የሚላት በበዛ ቁጥር ይብስባት ጀመር። ሰው ሁሉ በደግነቱ ሊጨርሳት ነው።

ክቡርነትዎም ከዚህ ደግነት አልጎደሉም። ስለ መለኪያው ብርድ ይቅርታ እንዲጠይቁልዎ የላኳቸው ሁለት ሠራተኞች፣ አንድ ሳጥን ሙሉ ማልት ተሸክመው ያንን ዳገት ላባቸው እየተንጠፈጠፈ መውጣታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ማልቱን መንደሩ ተቃመሰው። ሳጥኑን ጅሬኛ ደጃችን ላይ ይቀመጥበታል።

አምስተኛ፣ ስለ አድራሻችን። የቤት ግብር ሲከፈል ከተማ ነን፤ የቆሻሻ ሲከፈል ከተማ ነን፤ መለኪያው በየወሩ ይውጣልን ስንል ብቻ ገጠር ሆንን። ከማዶ ያሉትን የገጠር ጤና ሠራተኞች ብንለምን ደግሞ እናንተማ የከተማ ሰዎች ናችሁ አሉን። ይህን ሁሉ ድንበር ስኳሩ የሰማ አይመስለኝም።

ስድስተኛ፣ ስለ ጫማው። እዚህ ላይ ቀልዴን ይዤ እንድዘልቅ ይጸልዩልኝ።

ባለፈው እሑድ እኔና ጅሬኛ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ዳርቱ ከኪዳነ ምሕረት ተመለሰች። ያየው ጅሬኛ ነው፤ አንዱ እግሯ ባዶ ነው። ጫማዋ የት እንደወለቀ አታውቅም፤ መውለቁንም አታውቅም። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች፣ ከማዶ እስኪሰማ። ጅሬኛ፣ ሀብታም ለአንድ ጫማ አይጨነቅም ብሎ ይብስ አሳቀን። ከዚያ እግሯን ቀና አድርጌ አየሁት። የባሕር ዛፍ ስንጣሪ ተረከዟ ውስጥ ተሰክቷል፤ ደሙ እስከ በራችን አብሯት መጥቷል። ስንጣሪውን ስነቅለው እንኳ እየሳቀች ነበር፤ ያቆመችው የእኔን ፊት ስታይ ነው። እሾህ ሲወጋት በኦሮምኛ እየተራገመች ኮረብታውን የምታናጋ ሴት፣ ያ ሁሉ እንጨት እግሯ ውስጥ ገብቶ ምንም አልተሰማትም። ክቡር ሆይ፣ ይህ በጨዋ አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ፈራሁ። አሁንም እንደፈራሁ ነኝ።

ጅሬኛ ደሙን ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደና ጫማዋን ይዞ መጣ። ከባነሩ ሥር ነው ያገኘው። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተናገረም፤ በማግስቱ መድኃኒቱን ጀመረ፤ አሁን እድር ቤት ከበሩ ጋ ይቀመጣል፣ ጫማውንም ቶሎ ቶሎ ጎንበስ ብሎ ያያል።

ዳርቱን ደግፈን ጤና ጣቢያዎ ወረድን። ቁስሏን ያጠበችላት ነርስ እጇ ይባረክ። የክትትል ካርድ ይከፈትላት ስንል ግን፣ ኮረብታችሁ ከስኳር ነጻ ተብሏል፣ ኃላፊው ራሳቸው ካልሻሩት አይቻልም ተባልን። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ዳርቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ጫማዎቿን በእጇ ይዛ ትጠብቅ ነበር፤ እንዳይጠፉባት።

በመሆኑም በታላቅ ትሕትና እጅ ነሥቼ የምለምነው፣ ባነሩ እንዲወርድ፣ ለዳርቱ ካርድ እንዲከፈትላት፣ መለኪያውም በወር አንድ ቀን ዳገቱን እንዲወጣ ነው። ብርዱን እኛ እንከላከልለታለን፤ የጅሬኛ ጋቢ ታጥቦ ተዘጋጅቷል። ደፉ ላይ ለቆምነውም ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ይደረግልን። የዳርቱ እግር ስብሰባው እስኪያልቅ የሚጠብቅ አይመስለኝም።

ለመኪናዎ ጥላ መራጭ፣ ለንግግርዎ ያለ ጊዜው አጨብጫቢ፣ ከስኳር ነጻ በሆነው ኮረብታ ላይ በስኳር ደፍ የቆመ ትሑት አገልጋይዎ፣

ጎበና ዋቅጅራ
ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ከባነሩ አለፍ ብሎ

ግልባጭ፦
ለዳርቱ ቀኝ እግር
ለአቶ ጅሬኛ፣ ማልት ሳጥኑ ላይ
ለመለኪያው፣ ብርዱ ለቆት ከሆነ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለዳርቱ ሳነብላት አንድ ነገር ቀረ አለችኝ። ያን ዕለት ክቡርነትዎ ለፎቶ ሲስቁ መለኪያው በእሷ እጅ ነበር፤ የእርስዎም ደም ቁጥሩን አወጣ። ሦስት መቶ አርባ ይላል። ከእሷም ይበልጣል። እንግዳ በሰው ፊት አይዋረድም ብላ ዝም አለች፤ በኋላ መለኪያውን ብርድ መታው ሲሉም እፎይ ብላ አመነችዎት። ኢልሃም የእሷን ካረጋገጠችላት ወዲህ ግን ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ የባሕር ዛፍ ጀርባ ምልልስ ትዝ እያላት ትጨነቃለች። ‹‹ያ ልጅ እኮ የሚነግረው የለውም፤ ጫማው ሳይወልቅ ንገረው›› ብላ አዝዛኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ እባክዎ ነገ ጠዋት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሆነው ይለኩ። ቢተኙም አይስጉ፤ ኮረብታው በሙሉ ወርዶ ይጠይቅዎታል። ባዶ እጃችንንም አንመጣም፤ ስኳሩ ቤታችን ሞልቷል።